አባቴ ቢላ ይሠራል

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ቅጽ ነው። አምና አንደኛ ዓመት ስንመዘገብ ከሞላናቸው ወረቀቶች በአንዱ ላይ «የአባት ሥራ» የምትል መስመር ነበረች። እኔም ብዙ ሳላስብ «የጥበቃ ሠራተኛ» ብዬ ሞላሁ። ውሸት አልጻፍሁም። አባቴ መካነ ሰላም አካባቢ፣ ማሻ፣ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ደመወዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ግን እውነቱን በሙሉ አልጻፍሁም። አባቴ ቢላ ይሠራል።

ይሠራል ስላችሁ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል ማለቴ አይደለም። ተረኛ ባልሆነበት ቀን ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ከሰል ያቀጣጥላል። በልጅነቱ ደሴ ጋራዥ ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ ብረት ማጋል የለመደውም እዚያ ነው። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ካገኘ እንደ ሕፃን ይደሰታል። ይቆርጠዋል፣ ያግለዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ በሞረድ ይስለዋል፣ ከወይራ እጀታ ያበጅለታል። ለመስቀልም ለአረፋም ለጎረቤት ይሰጣል። «ስንት ልክፈል?» ያሉት እንደሆነ ይስቃል። የማያውቀው ሰው መጥቶ «ይሄን ማን ሠራው?» ሲለው ግን «ከደሴ ያመጣሁት ነው» ይላል።

ለምን እንዲህ ይላል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በእኛ አገር ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም የሚሮጠው ወደ ቀጥቃጩ ደጅ ነው። ማጭዱም መጥረቢያውም የሚመጣው ከዚያው ደጅ ነው። ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ ዳር ቢሉት ግን ፊቱ ይጠቁራል። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ዓይኑ ያደረበትን የሚበላ እያልን ያደግን ስንቶቻችን ነን? አባቴ ከቀጥቃጭ ዘር አይደለም፤ ብረት ስለወደደ ብቻ የጀመረ ሰው ነው። ግን ስሙ እንዳይለጠፍበት ፈርቶ የእጁን ሥራ ደሴ ሠራው ይላል። ዘራቸው ሆኖ ከስሙ ማምለጫ የሌላቸው ሰዎች ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አስቡት።

ይህ ነገር ትናንት የታወቀ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ስድቡ ግን ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ መድፍ ያሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል ተጎትታ እዚሁ ደቡብ ወሎ መቅደላ የደረሰችው በ1860 ዓ.ም. ነው። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ከአውሮፓ ሃይማኖት ለማስተማር የመጡ ሰዎች ነበሩ። ዋና ሥራቸው ሌላ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ታሪክ ስንማር እነሱን «ባለሙያዎች» እንላቸዋለን። ፈረንጅ ብረት ሲያቀልጥ ጥበብ፣ የእኛ ጎረቤት ሲያቀልጥ ጥርጣሬ የሚሆነው ለምንድን ነው?

እስቲ ወደ ውጭም እንይ። አሜሪካ ውስጥ ቦ ራንዳል የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ፍሎሪዳ ውስጥ ብርቱካን ማልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አንድ ጥሩ ቢላ አይቶ ቀናና ራሱ መሥራት ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ቢላውን ስለፈለጉት የትርፍ ጊዜ ሥራው ሙያ ሆነለት። ቢል ሞራን ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ የወተት ላሞች ያረባ የነበረ ገበሬ ነው። ከእርሻው ጎን ቢላ ሲቀጠቅጥ ኖሮ በመጨረሻ እርሻውን ሸጦ ሙሉ በሙሉ ወደ ብረቱ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1976 ከጓደኞቹ ጋር የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮችን ማኅበር መሠረተ። በዚህ ማኅበር ትልቁን ማዕረግ የሚፈልግ ሰው የሠራው ቢላ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ከዚያም በኋላ ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻም ሳይሰበር 90 ዲግሪ ይታጠፋል።

ይህን ሳነብ የገረመኝ ፈተናው አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከሚወዷቸው ብረቶች አንዱ የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ዓይነት ብረት ነው። አባቴ በጓሮ የሚቀጠቅጠውም ያንኑ ነው! የቤት ቆርቆሮ ወይም የግንባታ ፌሮ ስለት አይዝም፤ ባሌስትራ ግን በውስጡ በቂ ካርቦን ስላለው ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። ብረቱ 770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ለመንከር የሚበቃው ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲል ነው። አባቴ መለኪያ የለውም። ቀለሙን በዓይኑ ያያል፤ ለዚህም ነው ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል የሚጠብቀው። ከነከረው በኋላ እንደገና በቀስታ ያሞቀዋል። ይህን ካላደረገ ቢላው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ይሄ እውቀት አይደለም ወይ?

አንዳንዶች «ታዲያ ምን ይሁን? ዘበኝነቱን ትቶ ቢላ ሲቀጠቅጥ ቤተሰቡ በረሃብ ይለቅ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው። ርካሽ የቻይና ቢላ በየሱቁ በሞላበት ጊዜ በእጅ በተሠራ ቢላ ቤት ማስተዳደር ከባድ ነው። እኔም ሥራውን ይልቀቅ አላልሁም። የከሰሉን የሚከፍለው የዘበኝነቱ ደመወዝ ነው። ራንዳልም በብርቱካኑ፣ ሞራንም በላሞቹ ነው የጀመሩት። ሌላ ሥራ መያዝ አያሳፍርም። የሚያሳዝነው አንዱን ሥራ በሌላው መደበቅ ነው። የተደበቀ ሙያ ተማሪ አያገኝም። ተማሪ ያላገኘ ሙያ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ይህን ስናገር ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አሥረኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን አባቴ «ና እስቲ ወናፉን ያዝልኝ» አለኝ። በመንገዱ የክፍሌ ልጆች ሲያልፉ አየሁ። «አባዬ ጥናት አለብኝ» ብዬ ገባሁ። ጥናት አልነበረብኝም። እሱም ሁለተኛ ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው። የብረቱን ቀለም መለየት እንዳስቸገረው በክረምቱ ዕረፍት ነገረኝ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው በእኔ ደረሰ።

እኛ ነገ ጋዜጠኞች ነን። ስለ ቀጥቃጭ ስንዘግብ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው «ባሕላዊ ቅርስ» ብለን ነው። ቅርስ ማለት ደግሞ ለሙዚየም የቀረበ ነገር ይመስላል። ሰውዬው ግን አለ፤ ዛሬም ይሠራል። እንደ እኔ አስተያየት አንድን ሰው ስንጠይቅ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለን ማቆም የለብንም። «ከሥራ በኋላስ ምን ትሠራለህ?» ብለን እንቀጥል። መምህሩ፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው ከጓሮ ምን እንደሚያበጅ የምናውቀው ያኔ ነው። ይህቺ መጽሔታችንም በየእትሟ ለአንድ ባለ እጅ ሙያተኛ አንድ ገጽ ብትሰጥ፣ እሱ እሺ ካለም ስሙን በክብር ብታወጣ ምን ይጎድልባታል?

ዘንድሮም ያው ቅጽ መጣ። «የአባት ሥራ» የምትለው መስመር አጭር ናት። አጥብቤ ጻፍሁባት፤ «የጥበቃ ሠራተኛና ቢላ ሠሪ»። ለአባቴ ደውዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ለምን እንዲያ አልህ? ሰው ምን ይላል?» አለኝ። «እውነት ነዋ፣ አባዬ» አልሁት። መቆጣቱን ወይም ደስ መሰኘቱን ከድምፁ መለየት አልቻልሁም። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን «ስትመጣ ባሌስትራ ካገኘህ ያዝልኝ» አለኝ። ለዕረፍት ስሄድ ይዤለት እገባለሁ። ወናፉንም እኔው እይዛለሁ፤ የክፍሌ ልጆች በመንገዱ ቢያልፉም።

ቸር እንሰንብት!