አሜባ ያልሆነው የሆድ ቁርጠት

በዚህ ዓምድ ስለ ደብተርና ስለ ፈተና ነበር የምጽፈው፤ ዛሬ ግን ስለ ሆድ ልጽፍ ነው። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ግን ብዙዎቻችን ደብቀን ይዘነዋል።

ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሆዴ ሲቆርጠኝ ጠመኔውን ለክፍል አለቃው ሰጥቼ ወደ ሽንት ቤት የሮጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ልጆቹ ያውቃሉ፤ አይናገሩም እንጂ። በቆረጠኝ ቁጥር «አሜባ ነው» ብዬ ከሱቅ ፍላጅል እየገዛሁ እውጥ ነበር። ሁለት ቀን ሻል ይለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። በመጨረሻ ሰገራዬ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ አሜባም ጃርዲያም ሲታጣ፣ የጤና ባለሙያው «የአንጀት መቆጣት ነው» አለኝ። አይ ቢ ኤስ የሚሉት ነው።

አንጀቱ አልቆሰለም። ከአንጎል ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው የተዛባው፤ ትንሿ ጋዝ እንደ ትልቅ ሕመም ትሰማዋለች። ለቃለ መጠይቅ ስንጠራ ወይም ከአገር ቤት መጥፎ ስልክ ሲመጣ የሚብሰው ለዚህ ነው። «ሐሳብ ነው» የሚሏችሁን ግን አትስሙ፣ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

እኔ አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር ያዝኩ። የበላሁትን፣ ሰዓቱንና የሆዴን ሁኔታ ለአንድ ወር ጻፍኩ። ጥፋተኞቹ ክክ፣ ባቄላና ሽንኩርት ሆነው ተገኙ። ታዲያ ራሽኑ ክክ ሲሆን ምን ይበላል? ክኩንም ባቄላውንም ማታ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። ጋዝ የሚያመጣው ነገር ከፊሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ማገዶም ይቆጥባል። ሽንኩርቱን በትልቁ ቆርጣችሁ በዘይት ብቻ ጥበሱና ውሃ ሳይገባ አውጡት፤ ሆድ የሚነፋው ነገር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፣ ጣዕሙ ግን ይቀራል። (ባለቤቴ «ይኼ ደግሞ ምን ቁሌት ነው?» ብላ ስቃብኛለች።) ማሽላ ከስንዴ ይልቅ ይስማማል። ሆድ ለሚነፋው ተልባ ጥሩ ነው፤ በሻይ ማንኪያ ጀምሮ በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ሳያልፍ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። ሻይና ቡና ተደምረው ከሦስት ሲኒ አይብለጡ። ጦም ውሎ ማታ ሆድ እስኪወጠር መብላትም ያስነሳዋል፤ ቀስ ብሎ፣ ከፋፍሎ ነው።

ክፍል ከመግባቴ በፊት አምስት ደቂቃ ሆዴ ከፍ ዝቅ እስኪል በዝግታ እተነፍሳለሁ። መጀመሪያ አላመንኩበትም ነበር።

ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ከያዛችሁ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ ከጀመራችሁ ግን ደብተሩን ተዉትና ቶሎ ክሊኒክ ሂዱ። ያለ ምርመራም ፍላጅል አትዋጡ፤ ጠቃሚውን የአንጀት ባክቴሪያም ነው የሚገድለው።

እኔ አሁንም አልፎ አልፎ ይቆርጠኛል። ጠመኔውን ሰጥቼ ከሮጥኩ ግን ሁለት ወሰነ ትምህርት አልፏል። በርበሬውን ቀነስኩት እንጂ አልተውኩትም።