ማወቅና መቻል

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ተደጋግማ የምትገኝ አንዲት ቃል አለች፤ ይህችውም «የግንዛቤ ማነስ» የምትባለው ናት። እናት በቤቷ ስትወልድ ደም ፈሷት ብትሞት ምክንያቱ የግንዛቤ ማነስ ነው ይባላል። ሕፃን ክትባቱን ሳይጨርስ ቢቀር የግንዛቤ ማነስ ነው። ገበሬው ለወባ መከላከያ የተሰጠውን አጎበር ለሌላ ጉዳይ ቢያውለው አሁንም የግንዛቤ ማነስ ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈው ወጣት ሹም ይህችን ቃል ካሰፈረ በኋላ «ለኅብረተሰቡ ትምህርት ይሰጥ» ብሎ ይፈርማል፤ ጉዳዩም በዚሁ የተፈጸመ ይመስለዋል። እኔም ይህችን ቃል በጊዜዬ ብዙ ጽፌአታለሁና የዛሬው ወቀሳዬ ከራሴ የሚጀምር ነው።

ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን ማወቅ አንድ ነገር፣ መቻል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሽታ እንዴት እንደሚይዝ የሚያውቅ ሁሉ ራሱን ከበሽታ ለማዳን ይችላል ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት አጥርተው ያሳዩን የሰውን ኑሮ የሚመረምሩ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት ናቸው።

ከእነዚህም አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂን ያስተማሩት ዶክተር ጌትነት ታደለ ናቸው። በደሴ ከተማ ወጣት ወንዶች መካከል ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 በሌይደን በመጽሐፍ ታትሟል። የጥናቱ ጉዳይ ወጣቶቹ ስለ ፍትወትና ስለ ኤችአይቪ ኤድስ ያላቸው አስተሳሰብ፣ እንዲሁም ያሉበት የኑሮ ሁኔታ ነበር። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ስለ ጨለመ ተስፋ ይናገራል። ከዚህ ጥናት ወጣት አንባቢ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሥራ ያጣና «ነገ ምን ይውጠኝ ይሆን?» የሚል ወጣት ስለ በሽታው ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን በሽታ ከዛሬው ችግር አስበልጦ እንዲፈራ ማድረግ በምክር ብቻ አይሆንም። ሌላም ትምህርት አለው። የጾታ ጥናት ሲባል ብዙዎቻችን የሴቶች ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ወንድ ልጅ «ወንድ ነህ» ለመባል ሲል የሚያደርገውና የሚተወው ነገር ሁሉ የራሱንም የሴቲቱንም ጤና የሚነካ ስለ ሆነ፣ ወንዱን ሳይመረምሩ የሴቲቱን ችግር ማወቅ አይቻልም።

እንግዲህ ይህን ሐሳብ ይዘን ከደሴ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደቡብ እንውረድና በከሚሴ ምድር ላይ እንመልከተው። ከሚሴ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በምዕራብ የደጋው ተራራ ቆሞ፣ በምሥራቅ ቆላው ወደ አፋር እየወረደ፣ በመካከል የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ ሜዳ ይገኛሉ። በበጋ ወራት የኦሮሞውም የአፋሩም አርብቶ አደር ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብቱን ወደ ጨፋ ያወርዳል። በባቲ ደግሞ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ትልቅ ገበያ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው ይገናኛሉ። ውሃና ሣር ያለበት ቆላ ሁሉ ወባም የማያጣው ስለ ሆነ፣ የሚያበላው ሜዳ በሽታም ያመጣል።

አሁን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ ቆላ እንዳለች አድርገን በሐሳባችን እናስቀምጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአፋን ኦሮሞ እያነጋገረች በጤና ጣቢያ መውለድ እንደሚሻል አስተምራታለች፤ ሴቲቱም ገብቷታል። ምጡ በሌሊት ጀመረ። ባሏ ከከብቱ ጋር ጨፋ ወርዷል። በቤት ያለችው አማቷ ናት፤ ያለ ባልና ያለ አማት ፈቃድ ከቤት መውጣት ደግሞ ቀላል አይደለም። ፍየል ሸጦ ለመጓጓዣ ገንዘብ ለማግኘት የገበያው ቀን ገና ነው። በመጨረሻ በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ወንዶች ተጠርተው በቃሬዛ ተሸክመዋት መንገድ ጀመሩ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ቢደርሱ መብራት ጠፍቷል ወይም አዋላጇ ለስብሰባ ሄዳለች እንበል። ይህች ሴት ብትሞት በመዝገቡ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? «የግንዛቤ ማነስ» ተብሎ የሚጻፍ ከሆነ መዝገቡ ውሸት ተናገረ ማለት ነው።

ሲሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ የወላዶችን ሞት የሚያመጣውን መዘግየት በሦስት ከፍለውታል። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ «እንሂድ» ብሎ እስኪወሰን ያለው መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ ያለው፣ ሦስተኛውም ሕክምና ቤት ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን እርዳታ እስኪያገኙ ያለው መዘግየት ነው። እነዚህን ሦስቱን ከከሚሴዋ ሴት ጋር ብናስተያያቸው፣ የመጀመሪያውን ያመጣው በአብዛኛው የሴቲቱ ሥልጣን ማነስ፣ ሁለተኛውን ያመጣው ድህነትና የመንገድ ርቀት፣ ሦስተኛውን ያመጣው ደግሞ የእኛ የሹሞቹ ጉድለት ሆኖ ይገኛል። ትምህርት የሚያቃልለው ከመጀመሪያው ከፊሉን ብቻ ነው።

የመቻልና ያለመቻል ነገር ለወሎ ምድር አዲስ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ናቸው። እኒህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ድህነትንና ረኃብን በሚመለከት መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ በዚያ ክፉ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። የወሎ ገበሬ የተራበው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውም የሚሸጠውም አጥቶ፣ በገበያ ያለውን እህል ለመግዛት ዐቅም ስላልነበረው ነው። አርብቶ አደሩም ከብቱ እየከሳና ዋጋው እየወረደ በሄደ ጊዜ በአንድ ከብት የሚሸምተው እህል አነሰበት። ታዲያ ያን ጊዜ «የወሎ ሰው የተራበው እህል መብላት እንደሚጠቅም ግንዛቤ ስላነሰው ነው» የሚል ሹም ቢነሣ ኖሮ ሁላችንም በሳቅንበት፤ አለዚያም በተቆጣነው ነበር። ስለ ጤና ሲሆን ግን ይህንኑ አነጋገር ሳንስቅና ሳንቆጣ እንቀበለዋለን።

እንዲህ ስል ትምህርት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሴቶች ልጆች ሠልጥነው በየገጠር ቀበሌው መመደባቸው ትልቅ ነገር ነው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ1992 ዓ.ም. በሕክምና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ግን ከመቶ 48 ደርሰዋል። በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ መቶ ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ይህ በረከት የመጣው ግን በትምህርት ብቻ አይደለም፤ ጤና ኬላው ስለቀረበ፣ አምቡላንስ ስለተገዛ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ያለ ክፍያ ስለሆነም ጭምር ነው። ማለት ማወቅና መቻል አብረው ስለተጓዙ ነው።

ሁለቱ ሲለያዩ ምን እንደሚደርስ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. አየን። ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን በደረሰባቸው ጊዜ በአማራ ክልል ብዙ ሐኪም ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ ፈርሰዋል። እናቶች የተማሩትን አልረሱም፤ የሚሄዱበት ቤት ግን ባዶ ሆነ።

«ነገሩ ሁሉ ድህነት ከሆነ፣ ድህነትን ማጥፋት በእኔ በወረዳ ሹም ዐቅም ነውን?» የሚል ወጣት ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ድህነትን መውቀስም እንደ ግንዛቤ ማነስ ሁሉ የስንፍና መሸሸጊያ ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን በእጃችን ያለ ብዙ ነገር አለ። ነፍሰ ጡሮች ከመውለጃቸው ቀን አስቀድመው የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ እንዲሠራና ስንቅ እንዲኖረው ማድረግ የወረዳ ሥራ ነው። በበጋ ሰዉ ወደ ጨፋ ሲወርድ የክትባቱንም ሥራ ተከትሎ እንዲወርድ ማድረግ፣ ስብሰባውን ከገበያ ቀን ጋር እንዳይጋጭ ማዋል የበጀት ጥያቄ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ የወሎዋ ተሁለደሬ የሆነችለት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ድኻው በታመመ ጊዜ ፍየሉን እንዳይሸጥ የሚያደርግ ነው፤ መዋጮው ገበሬው እህል ባገኘበት ወራት ቢሰበሰብ ይቀላል።

ከሁሉ በፊት ግን መጠየቅን እንማር። አንዳንድ ጊዜ አላዋቂነት የሚመስለን ነገር ሲጠየቅ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ከልክሏል። ሕጉን እያወቀች ልጇን የምታስገርዝ እናት ግን «ባል ባታገኝስ?» የሚል ሥጋት ይዟት ሊሆን ይችላል፤ መሬትና ገቢ ለሌላት ሴት ትዳር እንጀራ ነውና። ይህ ሥጋት የሚወገደው ልጅቷ በትምህርት ቤት ስትቆይና የራሷ ገቢ ሲኖራት፣ ወንዶቹም «ያልተገረዘችውን እናገባለን» ሲሉ ነው። ይህን ለመረዳት እናቲቱን ባሏና ሹሙ በሌሉበት፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ በሴት ጠያቂ ማነጋገር ያስፈልጋል።

እናንተ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስታዘጋጁ «ያውቃሉ ወይስ አያውቁም?» በሚለው ጥያቄ ብቻ አትቁሙ። ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? «ሂጂ» የሚለው ማን ነው? መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እርሷ ስትሄድ ውሃውን ማን ይቀዳል? ብላችሁ ጨምሩ። ወጣቱ ሹም ደግሞ በሚቀጥለው ወር «የግንዛቤ ማነስ» ብሎ ለመጻፍ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ «ያነሰው የማን ግንዛቤ ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ምናልባት ስለ ሴቲቱ ኑሮ ያነሰው የእርሱ የራሱ ግንዛቤ ሊሆን ይችላልና።