ከመቱ ለጋዛ ሰልፍ መውጣት ይቻላል?

ሐማስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በእስራኤል ላይ ባደረሰው ጥቃት 1,200 ያህል ሰዎች ተገድለዋል፤ 251 ሰዎችም ታግተዋል። እስራኤል በአጸፋው በከፈተችው ጦርነት ደግሞ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እንዳስታወቀው ከ60 ሺሕ በላይ ፍልስጤማውያን አልቀዋል። በእነዚህ ዓመታት ከለንደን እስከ ጃካርታ እጅግ ብዙ ሕዝብ ለፍልስጤማውያን ድጋፉን ለመግለጽ አደባባይ ወጥቷል። እኛ ዘንድ ግን ጉዳዩ በአመዛኙ ከቴሌቪዥን መስኮትና ከቡና ላይ ክርክር አላለፈም።

ለመሆኑ አንድ የመቱ ነዋሪ፣ መምህር ይሁን ነርስ ወይም ነጋዴ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ስለ ጋዛ ሰልፍ ልውጣ ቢል ምን ይገጥመዋል? ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። መቱን የመረጥኩት ግን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሕግ ጥንካሬ የሚለካው ጋዜጠኛና ዲፕሎማት በሚበዛበት አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊና አመልካቹ በስም በሚተዋወቁበት ከተማ ጭምር ነው። ሁለተኛው ምክንያት የኢሉባቦር ታሪክ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት ሲሄዱ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ቅሪት የተሰበሰበው ከመቱ ብዙም በማትርቀው በጎሬ ነበር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ፣ ኋላም ራስ እምሩ ከዚያ ሆነው የአገሪቱን ህልውና ለማቆየት ሞክረዋል። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ከመያዟ በፊት፣ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አንስቶ ፊቱን አዙሮብን ነበር።

መንግሥታት ፊታቸውን ቢያዞሩም ጎዳናው ግን አላዞረም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1935 በኒውዮርክ ሐርለም በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ስለ ኢትዮጵያ ተሰልፈዋል። በለንደን ትሪኒዳዳዊው ሲ.ኤል.አር. ጄምስና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቁመው ለኢትዮጵያ ድምፅ አሰምተዋል። በደቡብ አፍሪካ የወደብ ሠራተኞች ለጣሊያን ጦር የሚሄድ ጭነት አንነካም ብለዋል። በቺካጎ ከንቲባው ሰልፉን ከለከሉ፤ ይህም ሆኖ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወጡትን ሰልፈኞች ፖሊስ በትኖ በመቶዎች የሚቆጠሩትን አሰረ። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ጎሬ የት እንዳለች እንኳ አያውቁም ነበር። በሰው አገር ጉዳይ ምን አገባህ ቢባሉ ኖሮ፣ ያን ጊዜ ለእኛ የሚጮኽልን ማን ነበር?

ወደ መቱው ሰልፈኛችን እንመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት እንዳለው ደንግጓል። ዝርዝሩን የያዘው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። በአዋጁ መሠረት ሰልፍ አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቃል። ያሳውቃል እንጂ አያስፈቅድም። ማዘጋጃ ቤቱ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ካለ፣ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሰልፉ በየትኛውም ቦታና ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ከቤተ እምነትና ከሆስፒታል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከገበያ ቦታ 100 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። እንግዲህ በአንድ ዋና መንገድ ዙሪያ በተሰባሰበ አነስተኛ ከተማ ይህን ሁሉ አክብሮ የሚያልፍ መስመር ማግኘት ራሱ ሥራ ይጠይቃል። ቢሆንም ከኃላፊው ጋር ቁጭ ብሎ ካርታ ዘርግቶ የሚፈታ ችግር ነው።

ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። "ማሳወቅ" የሚለው ቃል በየማዘጋጃ ቤቱ "ማስፈቀድ" ተብሎ ከተተረጎመ ቆየ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር ታገደ። ኅዳር 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ በወገኖቻችን ላይ የሚደርሰውን ግፍ ለመቃወም ወደ ኤምባሲው የሄዱ ዜጎች ሕገ ወጥ ተብለው በፖሊስ ተበተኑ፤ ታሰሩም። በአንጻሩ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱትን ወገኖቻችንን ለማሰብ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጫናን ለመቃወም መንግሥት ራሱ የጠራቸው ሰልፎች በይፋ ተካሂደዋል። ከዚህ የምንረዳው የውጭ ጉዳይ ለሰልፍ የተከለከለ ርዕስ አለመሆኑን ነው። የሚያከራክረው ጠሪው ማን ነው የሚለው ነው።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር መስማት ተገቢ ነው። አንዱ የአገር ጥቅም የሚለው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 ፍልስጤምን ለመክፈል በቀረበው የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ላይ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋለች። በ1966 ዓ.ም. ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ፣ በ1982 ዓ.ም. መልሳ ጀምራለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2023 ጠቅላላ ጉባኤው በጋዛ ላይ ድምፅ ሲሰጥም ተዓቅቦን መርጣለች። መንግሥት ወዳጅ ላለማስቀየም ዝም ሊል ይችላል፤ የዲፕሎማሲ ጠባይ ነው። ዜጋው ግን አምባሳደር አይደለም። እስራኤልን የሚደግፈው የመቱ ነዋሪም በሌላ ቀን፣ በዚያው ሕግ፣ ያው መብት አለው።

ሁለተኛው ክርክር የሃይማኖት ነው። ለፍልስጤማውያን መቆም የሙስሊሙ፣ ለእስራኤል መቆም የክርስቲያኑ ተደርጎ መወሰዱ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ጎን ለጎን በሚኖሩባቸው የኢሉባቦር ከተሞች ስጋት ማሳደሩ አይካድም። በቀድሞው ኢሉባቦር ሥር በነበረው በቡኖ በደሌ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከተቃውሞ ጋር ተያይዞ በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት መጥፋቱና ብዙዎች መፈናቀላቸው የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ መወሰድ ያለበት ትምህርት ወንጀል የፈጸመውን ለይቶ መቅጣትና ሰልፈኛውንም ነዋሪውንም የሚጠብቅ ፖሊስ ማሰማራት ነው። ስለ ሲቪሎች ሞት የሚወጣ ሰልፍ፣ አዘጋጆቹ የታገቱትንም የተገደሉትንም እንዳይዘነጉ ከተጠነቀቁ፣ ሃይማኖትን ከሃይማኖት የሚያጋጭበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የሚለው ነው። እኔም የምጋራው ቁጭት ነው። ሆኖም ለኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የታሰበውን፣ በአገራችን ውስጥ ያለው ጦርነት ይቁም የሚለውን ሰልፍ እናስታውስ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የተጠራ ነበር፤ ከመካሄዱ በፊት አስተባባሪዎቹ ታሰሩ። ታዲያ ስለ ራሱም ስለ ሌላውም መጮህ ያልቻለ ሰው የቱን ያስቀድም?

ሌላው ዓለም ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። የፈረንሳይ አገር ውስጥ ሚኒስትር በኦክቶበር 2023 ለፍልስጤም የሚደረጉ ሰልፎች በሙሉ እንዲታገዱ ቢያዝዙም፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ በጅምላ ማገድ አይቻልም፣ እያንዳንዱ ሰልፍ ለየብቻው ይታይ አለ። በለንደን ሚኒስትሯ ጫና ቢያደርጉም፣ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሕጉ ለእገዳ የሚያበቃ ምክንያት አይሰጠኝም ብለው የኖቬምበር 11ዱ ሰልፍ ተካሄደ። በዚያችው ብሪታኒያ በ2025 የታገደን ቡድን የሚደግፍ ጽሑፍ ይዘው የተቀመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታስረዋል። እዚያም መብቱ በየጊዜው ይፈተናል፤ ልዩነቱ ባለሥልጣኑን ሕጉ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ አካል መኖሩ ነው።

እኛም ከትንሹ መጀመር እንችላለን። የመቱም ሆነ የጎሬ፣ የበደሌም ሆነ የቡሬ ማዘጋጃ ቤት የሰልፍ ማሳወቂያ ደብዳቤ ሲቀርብለት ተቀብሎ ቀንና ሰዓት ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። ለውጥ ካስፈለገ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ይጻፍ። መልስ ካልሰጠ ሰልፉ ባሳወቁት ጊዜና ቦታ ይቀጥል። ለዚህ አዲስ አዋጅም ሆነ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ያለውን አውጥቶ ማንበብ ይበቃል።