የርብና የጉማራ ዳርቻ ለሞፈር አይሰጥ

ከይፋግ ቁልቁል ወደ ጣና ሲወረድ የሚገኘው ሜዳ የውሃና የደለል ሥራ መሆኑን የአካባቢው ገበሬ ከማንም የተሻለ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ። ከዚያ ከፍታ ጠርገው ያመጡትን አፈር ሐይቁ አፍ ላይ እያራገፉ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ ሠርተዋል። በትምህርት ቤት ዴልታ ብለን የተማርነው ይኸው ነው። ቀድሞ የፎገራ ከብት ይሰማራበት የነበረው ረግረግ፣ ዛሬ በክረምት ሩዝ፣ ውሃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ፣ በበጋ ደግሞ ውሃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረትበታል። ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ፣ ከጅግና ነው።

ጎርፍ ለዚህ ሜዳ እንግዳ አይደለም፤ ሩዙም ያለ ውሃ አይሆንም። ያስቸገረው የጎርፉ ጠባይ መለወጡ ነው። ገበሬዎች እንደሚነግሩን ዝናቡ ዘግይቶ ይገባና በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ልክ ይወርዳል። በደብረ ታቦር ዙሪያ ከታረሰው ተዳፋት የተጠረገው አፈር የወንዙን ወለል ስለሚሞላው፣ ወንዙ ያንን ሁሉ ውሃ መያዝ ያቅተዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ቤትና ሰብል ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከብዙዎቻችን ትዝታ አልጠፋም። የዓባይ መጨረሻ የሆነው የግብፅ ዴልታ፣ የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለል አጥቶ በባሕር ይበላል፤ የእኛው ደግሞ ደለል በዝቶበት ይታመማል።

ስለ መከላከያው ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሱት የርብ ግድብ፣ የወንዝ ዳር ክትርና የደጋው እርከን ናቸው። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በልማት ጣቢያ ሠራተኛውና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ እጅ ያለ፣ የማንንም በጀት የማይጠብቅ አንድ ሥራ ተዘንግቷል። እርሱም የወንዙን ዳርቻ ሳይታረስ መተው ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ጭምር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በርብ ዳር በተደረገ የገበሬዎች ቀን፣ ለውሃ መሳቢያ ይቀርባል ብዬ ሽንኩርት እስከ ወንዙ ጫፍ ድረስ እንዲተከል መክሬ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ምርት አኮራኝ። በሁለተኛው ክረምት ግን ሥር የሚይዘው ሣርና ቁጥቋጦ የተመነጠረበት ዳር ተናደ፤ ሁለቱ የጫፍ መደቦች ከነአፈራቸው ወንዝ ገቡ። ያ አፈር ከታች ወለሉን ሞልቶ የሌላውን ገበሬ ሩዝ አስጥሏል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጉዳት በዓይን አይታይም። ሽንኩርትና ቲማቲም በየጊዜው መድኃኒት ይረጭባቸዋል። ማሳው ከውሃው ጋር ሲገናኝ የተረጨው መድኃኒትና የማዳበሪያው ትራፊ በመጀመሪያው ዝናብ ወንዝ ይገባል። መርጫው የሚታጠበውም እዚያው ነው፤ ከታች በኩል ደግሞ ሴቶች በእንስራና በጀሪካን ይቀዳሉ። ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ የሚወጣው የጣና ዓሣም የሚያልፈው በዚሁ ውሃ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታወቀው እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ይበልጥ መበርታቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ ማዳበሪያ የሚወድ አረም ነው፣ የምናበላውም እኛ ነን። ድሮ ይህን ቆሻሻ ያጣራ የነበረው ደንገል ውሃው በሸሸ ቁጥር እየተመነጠረ ማሳ ሆኗል።

ስለዚህ ከወንዙ አፋፍ ቢያንስ 10 ሜትር ለሣር ይተው እላለሁ። ደሾ፣ የዝሆን ሣር፣ ቬቲቨር፣ በመካከሉም ሰስባንያ ቢተከል ዳሩን ይይዛል። ኪሳራው ግን ተራ ነገር አይደለም። ጎንና ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር መሬት አንዱ ጎኑ ወንዝ ከሆነ፣ ባለቤቱ 500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከማሳው አንድ አምስተኛውን ያጣል። ያውም በበጋ ውድ የሆነውን ክፍል። ለአንድ ደሃ ገበሬ «ለሜዳው ስትል ተው» ማለት ምክር አይባልም።

ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሣሩ የባለ ዳርቻው ይሁን፤ ማኅበሩ በጋራ እያሳጨደ ለከብት አድላቢና ለወተት አርቢ ይሽጥለት። በወንዙ ላይ ሞተር የሚያሠራ አባል ሁሉ በየወቅቱ መዋጮ ያውጣ፤ ዳሩ ሲናድ ሞተሩም አብሮ ይሄዳልና። የመርጫ ማጠቢያ ጉድጓድ ከወንዙ ርቆ ይቆፈር፤ ባዶ ጠርሙስም ዘይት መያዣ ከመሆኑ በፊት በማኅበሩ መጋዘን ይሰብሰብ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ድርሻ ዳርቻውን ከገበሬዎቹ ጋር ዞሮ መለካትና ችካል ማስተከል ነው።

ጊዜውም የሩዝ አጨዳ ካለቀ በኋላ፣ ሞተሮች ወደ ወንዙ ከመውረዳቸው በፊት ነው። ሽንኩርቱ አንዴ አፋፉ ድረስ ከተተከለ፣ ንቀለው ቢሉት የሚሰማ ገበሬ የለም። እኔም ብሆን አልሰማም።