ኮሶና ልኩ

አንባቢ ሆይ! በላስታ ደጋ ያደግህ እንደ ሆነ የኮሶን ዛፍ የማታውቅ አይመስለኝም። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በባዶ ሆድ ሲጠጣ የኮሶን ትል እንደሚያስወጣ አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች ይህንኑ ከአገራችን ተቀብለው ሠርተውበታል።

ይሁን እንጂ ትልን የሚገድል መድኃኒት ልኩ ካለፈ ጠጪውንም እንደሚጎዳ መዘንጋት አይገባም። የአበባው ኃይል ትኩስ ሲሆንና ሲቆይ ስለሚለያይ፥ በእፍኝ መስፈር አያስተማምንም። ሲበዛ ያስመልሳል፥ ሆድ ይቆርጣል፥ የዓይንን ብርሃን እስከ ማጥፋትም ይደርሳል። ለነፍሰ ጡርማ ከቶ አይሰጥም።

ዛሬ ግን ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፤ ሐኪሙ በሰውነትህ ክብደት ለክቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያስውጥሃል። ስለዚህ ትል ያለብህ ሲመስልህ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻልሃል።

ሆኖም ጥሬ ሥጋ መብላትህን ካልተውህ ትሉ ተመልሶ ይመጣል። ከብቱ የትሉን ዕንቁላል የሚያገኘው ሰው ከተጸዳዳበት ሜዳ ሣር ሲግጥ ነው። እንግዲህ ሥጋህን በደንብ አብስል፥ ሜዳውንም ትተህ በመጸዳጃ ቤት ተጠቀም፤ ያን ጊዜ ያን መራራ መጠጣት አያስፈልግህም።