ስማርት ስልክ በአርሲ ደጋ፦ የእርሻ መሣሪያ ወይስ ተጨማሪ ወጪ?

የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ከጢዮና ከሂጦሳ እስከ ዲገሉና ጢጆ፣ ከዚያም አልፎ እስከ በቆጂ ድረስ ባለው ምድር አርሶ አደሩ ለመኸር ሲዘጋጅ የሚያሰላቸው ወጪዎች የታወቁ ናቸው፤ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የአረምና የዋግ መከላከያ ኬሚካል፣ የትራክተርና የኮምባይነር ኪራይ። ባለፉት ዓመታት ግን በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ አዲስ ዕቃ ተጨምሯል፤ እርሱም ስማርት ስልክ ነው።

ስልኩ ዛሬ ከመነጋገሪያነት አልፏል። የገበያ ዋጋ ይጠየቅበታል፣ ገንዘብ ይላክበታል፣ የባንክ ሒሳብ ይታይበታል፣ የተጎዳ ሰብል ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለባለሙያ ይላክበታል። በአሰላ ከተማ የሚኖር ነጋዴም ሆነ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ ያለ እርሱ ሥራውን ማከናወን እየከበደው መጥቷል። ይሁንና ስልኩ የሚሸጠው እንደ ጌጥ፣ የሚፈለገው ደግሞ እንደ እርሻ መሣሪያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የብዙ ቤተሰብን ገንዘብ እየበላ ይገኛል።

ከካዱ እስከ 8028

በአርሲ ምክርን ወደ ገበሬው ማድረስ የቆየ ሥራ ነው። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ካዱ» ብሎ የሚያውቀው፣ የተሻሻለ ዘርንና ማዳበሪያን ከነአጠቃቀማቸው ያስተዋወቀው በባለሙያ እግርና በሠርቶ ማሳያ ማሳ ነበር። ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም የዚያው ዘመን ፍሬ ሲሆን፣ ዛሬ በአገሪቱ የስንዴ ምርምር ትልቅ ቦታ አለው።

የዚህ ዓይነቱ ምክር ዋና ፈተና ጊዜ ነው። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲያገኝ ከማሳ ወደ ማሳ በፍጥነት ይዛመታል፤ ዘሩን ነፋስ ይዞለት ይሄዳል። በ2002/03 የምርት ዘመን የተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎድቷል። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ አጥቅቷል። በሁለቱም ጊዜ ለገበሬው ወሳኙ ነገር ወሬው ቀድሞ መድረሱ ነበር፤ ማሳው ቢጫ ሆኖ ከታየ በኋላ የሚመጣ ምክር ለከርሞ እንጂ ለዘንድሮ አይጠቅምም።

በዚያው በ2006 ዓ.ም. በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተሰኘውን ነጻ የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ስለ ሰብሉ በድምፅ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ከመነሻው የአገልግሎቱ ቋንቋዎች ነበሩ። መስመሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎችን አስተናግዷል። ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ኢንተርኔት አልጠየቀም፣ ማንበብ አልጠየቀም፣ ክፍያ አልጠየቀም፤ ባለ ቁልፏ አሮጌ ስልክ በቂው ነበረች።

ስማርት ስልክ በዚህ ላይ የሚጨምረው ዓይን ነው። በቅጠሉ ላይ የታየው ነጠብጣብ ቢጫ ዋግ ይሁን ሌላ በሽታ በቃል ለማስረዳት ይከብዳል፤ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከቀበሌው ሳይወጣ ለምርምር ማዕከል ባለሙያ እንዲያሳይ ያስችለዋል። ስለዚህ የስማርት ስልክ ጥቅም በተጨባጭ አለ። ጥቅሙ ከወጪው ይበልጣል ወይ የሚለው ግን በሌሎች ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው።

የብር ምንዛሪና የስልክ ዋጋ

ከነገሮቹ የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ዕለት ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስልክ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። እንደ ቴክኖ ያሉ ስልኮች በኢትዮጵያ ውስጥ ቢገጣጠሙም ስክሪናቸው፣ ባትሪያቸውና ሌላው አካላቸው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በመሆኑም የመገጣጠሙ ሥራ እዚህ መሆኑ ለሥራ ዕድል ቢጠቅምም ዋጋውን ከዶላር ጉዞ አላዳነውም።

ውጤቱ በገበያው ይታያል። አዲስ ስልክ ለመግዛት አቅም ያጠረው ወደ ያገለገለ ስልክ ፊቱን ያዞራል፤ ያለውንም ስክሪኑን አስቀይሮ፣ ባትሪውን አስለውጦ ይቀጥላል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። በደንብ የተያዘ ያገለገለ ስልክ ደካማ ከሆነ አዲስ ስልክ ሊሻል ይችላል። ችግሩ ገዢው የሚገዛውን ዕቃ የሚመዝንበት ዕውቀት ሳይኖረው በሻጩ ቃል ብቻ ሲገዛ ነው።

ለአርሶ አደሩ ከካሜራ ብዛትና ከቀለም በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ስልኩ 4ጂ የሚቀበልና ሁለት ሲም የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በአንዱ ተራራ ጀርባ የአንዱ ኔትዎርክ ሲጠፋ የሌላው ሊገኝ ይችላልና። የአንድሮይድ ሥሪቱ እጅግ ያረጀ ከሆነ የባንክ መተግበሪያዎች ውለው አድረው አይቀበሉትም። ማከማቻው ትንሽ ከሆነም በጥቂት ወራት ውስጥ በፎቶና በቪዲዮ ሞልቶ ይንቀረፈፋል።

ክረምት ሲመጣ የሚጠፋው ስልክ

ሁለተኛው ነገር ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት ወይም ደርሶ የሚቆራረጥበት ቀበሌ ብዙ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ አንዴ ከተሞላ ቀናት ይቆያል፤ ስማርት ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ በየቀኑ መሞላት ይፈልጋል። በትንሽ ሶላር የሚሞላ ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደመናው ሲከብድ ሶላሩ ይደክማል። ስንዴው ለዋግ የሚጋለጠው፣ ምክርና ማስጠንቀቂያ በአስቸኳይ የሚያስፈልገው፣ መንገዱም ጭቃ የሚሆነው በዚያው ወቅት ነው። ስልኩ የሚጠፋው በሚፈለግበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚገዛው ፓወር ባንክ ነው፤ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። በፓወር ባንክ ላይ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ የተጻፈው የውስጥ ባትሪው መጠን ነው። ኃይሉ ወደ ስልኩ ሲተላለፍ ከፊሉ በመንገድ ስለሚባክን፣ 5,000 የሚይዝ ባትሪ ያለውን ስልክ የሚሞላው ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ነው። ከዚህም በላይ 30,000 ወይም 50,000 ተብሎ ተጽፎበት በእጅ ሲያዝ ቀለል የሚል ከሆነ ጽሑፉን መጠራጠር ይገባል፤ እውነተኛ ባትሪ ክብደት አለው፤ ብዙ የሚይዘውም ከባድ ነው።

ቻርጀርም እንዲሁ ነው። ርካሽና አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር የመብራቱን መዋዠቅ ሳያበርድ ወደ ስልኩ ያስተላልፋል፤ ባትሪውን ያግላል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ባትሪው ያበጠ ስልክ የኋላ ክዳኑ ከፍ ማለቱ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን ስልክ መሙላት ማቆምና ባትሪውን ማስለወጥ ይገባል እንጂ በጎማ ማሰር ወይም መብሳት ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። በአንጻሩ ጠንካራ ከቨርና የስክሪን መከላከያ ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ትልቅ ነው፤ የተሰበረ ስክሪን ለመቀየር የሚጠየቀው ገንዘብ አንዳንዴ የስልኩን የግማሽ ዋጋ ያህል ይሆናልና። ከዚህ አንጻር በጀት ሲያዝ ሁሉን ገንዘብ በስልኩ ላይ ከማፍሰስ ዝቅ ያለ ስልክ ገዝቶ ለጥሩ ቻርጀር፣ ለከቨርና ለፓወር ባንክ ማስቀረት አዋጭ ነው።

ደረሰኝ የሌለው ግዢ

ሦስተኛው ነገር ዕቃው ሲበላሽ የሚኬድበት ቦታ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ ግልጽ መብት ሰጥቶታል፤ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲያገኘው በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ መብት ግን ማስረጃ ይፈልጋል። በገበያ ቀን በችኮላ፣ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ስልክ በሦስተኛው ቀን መብራት ቢያጣ፣ ገዢው መብቱን በምን ያረጋግጣል?

ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ በስልኩ ላይ *#06# በመጻፍ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት፤ ካልተመሳሰለ ዕቃው ጥርጣሬ ያለበት ነው። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የጉግል መለያውን ማውጣቱን ማረጋገጥ፤ ይህ ካልሆነ ስልኩ ዳግም ሲጀመር የይለፍ ቃል ጠይቆ ሊቆለፍ ይችላል። ሦስተኛ፣ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀብሎ ማስቀመጥ። የመለያ ቁጥር ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ቀፎ ምዝገባ ሥርዓት ሲጀምር ብዙ ሰው ቁጥሩን ያወቀው በዚያን ጊዜ ነበር።

ቋንቋና ገንዘብ

በአርሲ የገጠሩ ቤት በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ ከተማው ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነጋገራል። የቴክኖሎጂው ዓለም ሁለቱን ቋንቋዎች በእኩል ጊዜ አላያቸውም፤ የጉግል የትርጉም አገልግሎት አማርኛን በ2008 ዓ.ም. ሲጨምር አፋን ኦሮሞ እስከ 2014 ዓ.ም. ጠብቋል። ዛሬ በሁለቱም ቋንቋዎች መጻፊያ ያላቸው ስልኮች ቢኖሩም፣ የብዙ መተግበሪያዎች ማስጠንቀቂያና የስምምነት ጽሑፍ እስካሁን በእንግሊዝኛ ይመጣል። የማያነበውን «እሺ» እያለ የሚያልፍ ተጠቃሚ ምን እንደፈቀደ አያውቅም።

ይህ ከባድ የሚሆነው ስልኩ ኪስ ከሆነ በኋላ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተጀመሩ ወዲህ የእህል ሽያጭ ገንዘብ በስልክ መቀበል የተለመደ ሆኗል። አጭበርባሪዎችም ይህን ተከትለው መጥተዋል። ከድርጅቱ የደወሉ መስለው የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ወይም ገንዘብ የገባ የሚያስመስል የጽሑፍ መልእክት ልከው እህሉን አስጭነው ይሄዳሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ የምሥጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ የሒሳብ መጠን ደግሞ በመልእክቱ ሳይሆን *127# ደውሎ ወይም መተግበሪያውን ከፍቶ ይረጋገጣል፤ ጆንያው ከሚዛን የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

በብዙ የገጠር ቤቶች ስማርት ስልኩ የሚውለው በአባወራው ወይም በወጣት ልጅ እጅ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። አረሙን የምታርመው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው እማወራ ምክሩ ካልደረሳት፣ ስልኩ ለቤቱ ቢገዛም ግማሹ ቤት አልተጠቀመበትም።

መሣሪያ ያለ ሥራ

መሣሪያ መግዛት ብቻውን ውጤት እንደማያመጣ አገሪቱ ከራሷ ተሞክሮ ታውቃለች። ለአራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ 180 ሺህ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ግን ተደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። በሌላ በኩል የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የግብርና ናሙና ጥናትን በታብሌት መሰብሰባቸው መረጃው ከወረቀት በፈጠነ ሁኔታ እንዲደርስ አድርጓል። የዕቃው ዓይነት አንድ ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ከጀርባው ያለው የሥራ ዝግጅት ነው።

ለአርሲ ደጋም ትምህርቱ ይኸው ነው። የግብርና ምክር፣ የማዳበሪያ መረጃና የገንዘብ አገልግሎት ወደ መተግበሪያ ሲዛወሩ በድምፅና በአጭር ቁጥር የሚሠራው መንገድ ተዘግቶ መሆን የለበትም። 8028 እና *127# ያሳዩት፣ አንድ አገልግሎት በርካሿ ስልክም ሊደርስ እንደሚችል ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እጅ ያለ አንድ ጥሩ ስማርት ስልክ፣ ከነሙሉ ባትሪውና ከነኢንተርኔት ጥቅሉ፣ በየቤቱ ተገዝቶ በክረምት ከሚጠፋ ስልክ ይልቅ ለቀበሌው ሊጠቅም ይችላል። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶችም የስልክና የባትሪ ገበያውን እንደ ዘርና እንደ ኬሚካል ገበያ ሊቆጣጠሩት ይገባል፤ የተጭበረበረ ፓወር ባንክም እንደ ተጭበረበረ ዘር የገበሬውን መኸር ይጎዳልና።

ገበሬው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ሻጩ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃል። ስልክም ከእርሻ መሣሪያ ተራ ከገባ ወዲህ የሚገባው እንዲሁ ያለ ጥንቃቄ ነው።