ዩሪያ የተበጠበጠበት ውሃ

አንዲት አንባቢያችን በራሳቸው እጅ የጻፉት ደብዳቤ ደርሶናል። ደብዳቤው አጭር ነው። «ገለባ ልናክምበት ዩሪያ በውሃ በጠበጥን። የተረፈው በበርሜል አደረ። ባለቤቴ፣ ዩሪያ ለከብት መኖ ይሆናል ተብሏልና የተረፈውን ለበሬዎቹ እናጠጣው አሉኝ። እኔ ደፋሁት። ከሁለታችን ትክክል ማን ነው?» ይላል።

ትክክል እርስዎ ነዎት። ውሃውን በመድፋትዎ ሁለት በሬ ተርፏል ብንል ማጋነን አይሆንም። የት እንደ ደፉት ግን አልጻፉልንም። ወደዚያ በኋላ እንመጣለን። ባለቤትዎም ዝም ብለው አልተናገሩም። ዩሪያ በልክ ከገለባ ጋር ሲታከም ለከብት ይጠቅማል። ያው ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ደግሞ ይገድላል። ይኼ እንዴት ይሆናል? ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው።

ዩሪያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነጭ ነው። ፍሬው ድቡልቡል ነው። ለማሳ የምንበትነው ማዳበሪያ ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን የሚባለው ነገር ነው። ሰብሉን የሚያለመልመው እሱ ነው። ስሙ የመጣው ከሽንት ነው። በሰውም ሆነ በከብት ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1828 ፍሪድሪክ ቮለር የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ዩሪያን ያለ ሽንት በመሥሪያ ቤቱ ሠራ። ዛሬ በፋብሪካ በብዛት ይመረታል።

ጠዋት በረት ስትገቡ ዓይን የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ አይደል? ያ ሽታ አሞንያ ይባላል። በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ ተለውጦ ነው አሞንያ የሚሆነው። የዛሬው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ አሞንያ ላይ ነው። በገለባ ውስጥ ሲሆን ጓደኛ ነው። በበሬ ደም ውስጥ ሲገባ ገዳይ ነው።

ገለባ ማከም ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ባጭሩ እንንገራችሁ። በበጋ ሣር ሲጠፋ ከብቱ የሚበላው የጤፍ ጭድ፣ የስንዴና የገብስ ገለባ ነው። ገለባ ደረቅ ነው፣ ጉልበትም አይሰጥም። ስለዚህ ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ገለባው በስሱ በስሱ ይደረደራል፣ ውሃው ይረጭበታል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ በላስቲክ ታፍኖ 3 ሳምንት ይቆያል። በእነዚያ ሳምንታት ዩሪያው ወደ አሞንያ ይለወጥና ገለባውን ያላላዋል። ከብቱም በደንብ ይበላዋል።

አሁን ወደ በርሜሉ እንመለስ። ወረቀትና እርሳስ አምጡ፣ አብረን እናስላ።

4 ኪሎ ዩሪያ 4000 ግራም ነው። 4000 ለ80 ሊትር ሲካፈል 50 ይደርሳል። እንግዲህ በያንዳንዱ ሊትር ውሃ ውስጥ 50 ግራም ዩሪያ አለ ማለት ነው። ዩሪያ ያልለመደ ከብት ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ግራም ባንድ ጊዜ ከወሰደ ሊሞት ይችላል። በሬያችሁ 250 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ሊገድለው የሚችለው 250 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ ማለት ነው! ሩብ ኪሎ በስንት ሊትር ውሃ ውስጥ አለ? 250 ለ50 ሲካፈል 5 ነው። አምስት ሊትር።

ከእርሻ የተፈታ በሬ 5 ሊትር ውሃ ለመጠጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? እናንተ ታውቁታላችሁ። ራስ ደፍቶ ቀና ሳይል ይጨርሰዋል። ለመታመም ደግሞ 5 ሊትርም አያስፈልገውም። የተራበና የከሳ ከሆነ 1 ሊትር ተኩል ብቻ ሊያሳምመው ይችላል።

ሌላው ክፋቱ ውሃው አለመለየቱ ነው። ዩሪያ በውሃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። ሲሟሟ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፣ በርሜሉን ስትነኩት ታውቁታላችሁ። ከሟሟ በኋላ ግን ቀለም የለው፣ አዲስ ከሆነም ሽታ የለው። ጥሩ ውሃ ይመስላል። የደፈረሰ ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳትን።

በበሬው ሆድ ውስጥ ምን ይሆናል? የሚያመሰኩ ከብቶች ትልቁ ሆዳቸው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት የተሞላ ነው። ሣሩን የሚያብላሉለት እነሱ ናቸው። ዩሪያ ሲያገኙ ወዲያው ወደ አሞንያ ይለውጡታል። ጥቂት በጥቂት ሲመጣላቸው ለራሳቸው ምግብ ያደርጉታል፣ ከብቱም ይጠቀማል። ባንድ ጊዜ ሲጎርፍባቸው ግን አይችሉትም። አሞንያው ወደ ደም ያልፋል። ጉበት ሊያጣራው ይሞክራል፣ እሱም ያቅተዋል። ከዚያ አንጎል ይደርሳል። ገለባው ላይ ያለው ዩሪያ ግን አስቀድሞ በ3 ሳምንት ተለውጦ፣ ከፊሉም በኖ፣ ቀስ እያለ ነው ሆድ የሚገባው። ልዩነቱ ይኼው ነው። መድኃኒትም ቢሆን ማንኪያው ሲቀር በጠርሙሱ አይጠጣም።

ምልክቱ ቶሎ ይመጣል። ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ከብቱ ይቅበጠበጣል። ጆሮውና የፊቱ ጡንቻ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ ገላው ይንቀጠቀጣል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አረፋ ይደፍቃል። ሆዱ ይነፋል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዱም ያጓራል። ከዚያ ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ እባብ ነደፈው ወይም ሰው ዓይን በላው ይላል። መጀመሪያ በርሜሉን እዩት። ጎድሏል ወይ? የማዳበሪያ ከረጢት የላሰ ምልክት አለ ወይ?

ምን ይደረግ? ሰዓት አይባክን። አንድ ሰው ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይሩጥ። ስልክ ያለው ይደውል። ዩሪያ ጠጣ ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፣ ባለሙያው የሚይዘውን ይዞ እንዲመጣ። ሌሎቹን ከብቶች ከዚያ ውሃ አርቁ። ከብቱ የቆመና መዋጥ የሚችል ከሆነ ኮምጣጤ ወይም አቼቶ የምንለውን፣ ለምግብ የሚሆነውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አጠጡት። ለአንድ በሬ ከ2 ሊትር ያላነሰ ኮምጣጤ ያስፈልጋል። ኮምጣጤው አሞንያውን ይይዘዋል፣ ቀዝቃዛው ውሃም የሆዱን ሥራ ያዘገየዋል። ባለሙያ ሲደርስ እስከ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በቱቦ ሊሰጠው ይችላል። ኮምጣጤ ከሌለ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻም ቢሆን ይሻላል። ነገር ግን ከብቱ ከወደቀ ወይም መዋጥ ካቃተው በግድ በአፉ አትጋቱት። አንገቱንም ወደ ላይ አትቆልምሙ። ውሃው ሳንባ ይገባና በዩሪያ ያልሞተው በእናንተ እጅ ይሞታል። ገለባ የሚያክም ሰው 2 ጠርሙስ ኮምጣጤ አስቀድሞ ገዝቶ ቤት ቢያስቀምጥ ዋጋው ከበሬ ጋር አይወዳደርም።

እውነቱን ለመናገር ግን አንዴ ከጠጣ ማዳኑ ከባድ ነው። ሥራው ያለው ከመጠጣቱ በፊት ነው።

በዕለቱ ለሚታከመው ገለባ የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ። 50 ኪሎ ገለባ ካላችሁ 2 ኪሎ ዩሪያና 40 ሊትር ውሃ ይበቃል። ዩሪያውን መዝኑ፣ በግምት አትስፈሩ። ያንድ ቤት ጣሳ ከሌላው ቤት ጣሳ ይለያያል። እስኪሟሟ በእንጨት አማስሉ። ከሥር ሳይሟሟ የቀረ ፍሬ ካለ ሁሉም ባንድ ቦታ ገለባ ላይ ይፈስና ያ ቦታ ብቻውን ጎጂ ይሆናል። የተረፈ ውሃ ካለ እዚያው ገለባ ላይ ጨርሱት። እየበጠበጣችሁ ሰው ቢጠራችሁ እንኳ በርሜሉን ሳትከድኑ አትሂዱ። ልጅ ይጠብቀው አትበሉ። ልጅም ይጠማዋል።

በርሜሉን ስታጥቡ፣ ያጠባችሁበትን ውሃ ከከብት መጠጫና ከምንጭ ራቅ አድርጋችሁ ማሳ ላይ ርጩት። ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው፣ ከስሮም አይሄድ። ያቆረ ኩሬ እንዳይሆን ግን በትኑት። ደብዳቤ የጻፉልን እናት በጓሮ ደፍተውት ከሆነና ቦታው ላይ ውሃ ካቆረ፣ አፈር ይመልሱበት። ወደ ጉድጓድ ውሃ መፍሰሱም ለሕፃናት አይበጅም። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ናይትሬት ወደሚባል ነገር ይለወጣል፣ ናይትሬት የበዛበት ውሃ ደግሞ 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ደም ጎጂ ነው። በርሜሉን በበረኪና ማጠብ ክልክል ነው። ዩሪያና በረኪና ሲገናኙ መርዛማና ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይፈጠራል። ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

የመዳብና የነሐስ ዕቃ፣ ቆርቆሮ ባልዲም ለዚህ አይሆንም። የዩሪያ ውሃ ይበላቸዋል። ፕላስቲክ ይሻላል። ያ ፕላስቲክ በርሜል ወይም ጀሪካን ከዚያ በኋላ ለጠላ፣ ለዘይት፣ ለመጠጥ ውሃ አይዋል። ምልክት አድርጉበት። አሁን ፊደል ታውቃላችሁና በወፍራሙ «ዩሪያ» ብላችሁ ጻፉበት።

ስለ ጀሪካን ካነሣን አንድ አዲስ ነገር እንጨምር። በዚህ ዘመን የሚሠሩ ብዙ ከባድ የናፍጣ መኪናዎች ከነዳጁ ሌላ የዩሪያ ውሃ የሚሞላበት ጋን አላቸው። ውሃው የመኪናውን ጭስ ጉዳት ይቀንሳል። «አድብሉ» ይሉታል። ከ100 ኪሎው ውስጥ 32 ኪሎ ተኩሉ ዩሪያ ነው። እኛ ለገለባ ከምንበጠብጠው ሰባት ጊዜ ያህል የበረታ ነው። እሱም እንደ ውሃ የጠራ ነው። በመንገድ ዳር የተጣለ ወይም በገበያ የሚሸጥ ባዶ ጀሪካን ስታገኙ ከብት ማጠጫ አታድርጉት። ጽሑፉን አንብቡ። የሚነበብ ጽሑፍ ከሌለው ይቅርባችሁ።

ጆንያውም ያው ነው። እኛ አገር ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን መጥራት ለምደናል፣ እህልም እንይዝበታለን። ከብት ጨው መስሎት ባዶ ከረጢት ይልሳል። በ50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ ሩብ ኪሎ 200 ጊዜ አለ። ዩሪያ ከቆጥ ላይ ወይም በር ከሚዘጋ ጎጆ ይቀመጥ፣ ከጨውና ከስኳር አይጎራበት። እርጥበት ስለሚወድ ከመሬት በእንጨት ከፍ ይበል።

ለሰው ዩሪያ እንደ በሬው አይከፋም፣ እኛ አናመሰኳምና። ቢሆንም ዓይን ከገባ ያቃጥላል። 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ታጠቡ። የቆሰለ እጅ ያለው አይበጥብጥ። ልጅ ጠጥቶ ቢያስመልሰው ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ጉድጓዱ በ3 ሳምንቱ ሲከፈት አሞንያው ባንድ ጊዜ ይወጣል። ፊታችሁን አታስገቡ፣ ነፋስ ከኋላችሁ ይሁን። ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ አውጡ፣ መልሳችሁ ክደኑ። ያወጣችሁትን በጥላ በትናችሁ ሽታው እስኪቀንስ አሳድሩት። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ስጡ፣ ካልታከመው ገለባ ጋር ቀላቅሉ፣ ቀስ በቀስ በሳምንት ውስጥ አብዙ። 6 ወር ያልሞላው ጥጃ አይብላው፣ ትልቁ ሆዱ ገና አልደረሰም። ለአህያ፣ ለበቅሎና ለፈረስም አትስጡ። የተራበ በሬ ከሥራ እንደ ተፈታ ብቻውን ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳይደርስ በእሾህ እጠሩት።